ግቢዎ በመንገድ ማስፋፊያ ሲነካ፦ በቀሪው ላይ መቆየት፣ ምትክ ቦታ ወይስ ምትክ ቤት? ለሐዋሳ ባለይዞታዎች

በሐዋሳ አስፋልት ዳር ያለ ግቢ አጥሩ ላይ ቀይ ምልክት ሲቀባ ከቤተሰቡ አፍ ቀድሞ የሚወጣው ጥያቄ «ስንት ይከፍሉናል?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ከእሱ በፊት «ምን ይቀረናል?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ከመንገዱ የተረፈው መሬት ስፋቱ፣ ቅርፁና ከፍታው ሳይታወቅ ምትክ ቦታን፣ ምትክ ቤትንና ባሉበት መቆየትን ማወዳደር አይቻልም። ክፉኛ የሚጎዳው ግምቱ ያነሰበት ሰው ብቻ አይደለም። «አጥሬ ብቻ ነው የተነካው» ብሎ ተረጋግቶ የተቀመጠና በኋላ በቀረችው መሬት ላይ የግንባታ ፈቃድ የተከለከለ ሰው ጉዳቱ የባሰ ነው።

ካሣው የሚከፈለው ለምንድን ነው?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። የእርስዎ ንብረት በመሬቱ ላይ በጉልበትዎና በገንዘብዎ የገነቡት ቋሚ ነገርና መሬቱን ለማሻሻል ያወጡት ነው። የዚሁ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 8 መንግሥት የግል ንብረትን ለሕዝብ ጥቅም ሲፈልግ ተመጣጣኝ ካሣ በቅድሚያ ከፍሎ እንዲወስድ ይፈቅዳል። ዝርዝሩ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 እና በደንብ ቁጥር 472/2012 ይገኛል። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1336 ስለተሻሻለ የድሮውን ቅጂ ብቻ ይዘው ክርክር አይግቡ።

ይህ በተግባር ሲታይ እንዲህ ነው። ቤትዎ የሚገመተው በአዲስ ለመተካት በሚያስፈልገው ወጪ ነው። አጥሩ፣ የግቢው ንጣፍ፣ የውኃ ጉድጓዱ፣ አቮካዶውና ማንጎው ለየብቻ ይቆጠራሉ። «አስፋልት ዳር ነው» የሚለው ግን በግምት ሠንጠረዡ ላይ መስመር የለውም። በፒያሳ ዋናው መንገድ ላይ ያለ ባለ ሦስት ክፍል የብሎኬት ቤትና ከኋላው በውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ ያለ ተመሳሳይ ቤት የግንባታ ግምታቸው ተቀራራቢ ነው የሚሆነው። በገበያ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ምርጫውን በዋናነት የሚወስነው ይህ ነው። ኑሮዎ ከመንገዱ ፊት ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ማለትም ሱቅ፣ ካፌ፣ ጋራዥ ወይም የሚከራይ ክፍል ካለዎት፣ ካሣው የማይተካልዎት ነገር ቦታው ራሱ ነው፤ ስለዚህ ቀሪው ለግንባታ የሚበቃ እስከሆነ ድረስ መቆየት ያዋጣል። ግቢው መኖሪያ ብቻ ከሆነና መንገዱ ሳሎኑን የሚቆርጥ ከሆነ ግን ሙሉ በሙሉ ተነስቶ ምትክ መውሰድ ብዙ ጊዜ ይሻላል፤ ሰፊ መንገድ ደጃፍ ላይ ለመኖሪያ የሚቀረው አቧራና ጫጫታ ነውና። ለዚህ አጠቃላይ ፍርድ ልዩ ሁኔታ የሚፈጥሩትን ከታች እናያለን።

መጀመሪያ ቀሪውን ይለኩ

አጥር ላይ የተቀባው ቀለም የመጨረሻ ልኬት ነው ብለው አይውሰዱ። ቀለም የሚቀባው ብዙ ጊዜ ለመጀመሪያ ቆጠራ ነው፤ የመንገዱ መሐል መስመር ሲስተካከል ግማሽ ሜትርም አንድ ሜትርም ሊንቀሳቀስ ይችላል። ለክፍለ ከተማው ወይም ለማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ አመልክተው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ በመዋቅራዊ ፕላኑ ላይ ለዚህ መንገድ የተያዘው ጠቅላላ ስፋት ስንት ሜትር ነው? ልኬቱ የሚነሳው ከየትኛው መሐል መስመር ነው? የመንገዱ የመጨረሻ ከፍታ (መሐንዲሶች ፊኒሽ ሌቭል የሚሉት) ከግቢዬ በስንት ይበልጣል ወይም ያንሳል?

መንገዱ የፌዴራል ነው ወይስ የከተማ የሚለውንም አብረው ይጠይቁ። ከሻሸመኔ መጥቶ ከተማውን አቋርጦ ወደ ዲላና ሞያሌ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ከሰፈር ውስጥ መንገድ የተለየ ባለቤት ሊኖረው ይችላል። ጥያቄዎ ለማን እንደሚቀርብ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ከዚያ በካርታዎ ላይ ያለውን ልኬት መሬት ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ። እንበልና ካርታው 10 ሜትር ግንባርና 20 ሜትር ጥልቀት፣ በድምሩ 200 ካሬ ሜትር ይላል። መንገዱ 4 ሜትር ቢወስድ 40 ካሬ ሄዶ 160 ይቀራል። 7 ሜትር ቢወስድ 130 ይቀራል። 130 ካሬ በቁጥር ደህና ይመስላል። ነገር ግን አዲስ ሲገነቡ ከመንገዱም ከጎረቤትም የሚያፈገፍጉት ርቀት አለ። ከፊት 3 ሜትር፣ ከኋላ 2 ሜትር አፈግፍጉ ቢባል ለቤት የሚተርፈው ጥልቀት ከ13 ሜትር ወደ 8 ሜትር ይወርዳል። የማፈግፈጊያው ርቀት በመንገዱ ደረጃና በሕንፃው ከፍታ ስለሚለያይ ትክክለኛውን ቁጥር ከፕላን ክፍሉ ይዘው ይህንኑ ስሌት ራስዎ ይሥሩት።

ካርታውና መሬቱ የማይገጥሙበት ጊዜም አለ። አጥሩ ከካርታው አልፎ አንድ ሜትር ወደ መንገዱ ወጥቶ ከሆነ ያቺ አንድ ሜትር ሕጋዊ ይዞታ ስላልሆነች እንደ ተወሰደብዎ አትቆጠርም። አጥሩ ከካርታው ወደ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል፤ ለካኞቹ ከአጥሩ ተነስተው ቢለኩ በካርታዎ ውስጥ ያለ መሬት ሳይመዘገብ ይቀራል። የወሰን ድንጋዮቹን አስቀድመው ያግኙ፤ በአፈር ተቀብረው ከሆነ ቆፍረው ያውጡና ፎቶ ያንሱ።

አሁን ዋናውን ጥያቄ በጽሑፍ ለፕላን ክፍሉ ያቅርቡ፦ «ቀሪው ይዞታ ለዚህ መንገድ ከተቀመጠው የግንባታ ደረጃ ጋር ይጣጣማል ወይ? የፕላን ስምምነት ይሰጠኛል ወይ?» በ1999 ዓ.ም. ከወጣው የካሣ ደንብ ቁጥር 135 ጀምሮ የሚታወቀው አሠራር፣ ከፊል ቤቱ የሚፈርስበት ባለቤት ከፈለገ ሙሉ በሙሉ ለቅቆ ለሙሉ ቤቱ ካሣ እንዲጠይቅ፣ ካልፈለገ ደግሞ ቀሪው ከከተማው ፕላን ጋር የሚሄድ እስከሆነ ድረስ ለፈረሰው ብቻ ተከፍሎት እንዲቆይ የሚያስመርጥ ነው። ይህ ምርጫ በራሱ አይመጣም። ዝም ካሉ በዝርዝሩ ላይ የሚሰፍረው የተነካው ክፍል ብቻ ነው። «ሙሉ በሙሉ መነሳት እፈልጋለሁ» የሚለው ማመልከቻ ግምቱ ከመጠናቀቁ በፊት ገቢ ሆኖ ቁጥር ይሰጠው፤ ግምቱ ካለቀ በኋላ ማስለወጥ ዳገት ነው።

በቀሪው ላይ መቆየት፦ ቤቱ ሲቆረጥ የሚመጣ ጣጣ

የእንጨትና ጭቃ ቤት ከሆነ መቁረጡ ያን ያህል አይከብድም። ማገሩና ምሰሶው በአዲሱ መስመር ላይ በሌላ ምሰሶ ይያዛል፤ ቆርቆሮው ይቆረጣል፤ አሸንዳ ይታደሳል። የብሎኬት ቤት ላይ የሚበላሸው የማሰሪያው አርማታ ነው። ከግድግዳው ራስ ላይ ዙሪያውን የታሰረው አርማታ በአንድ በኩል ሲቆረጥ ቤቱ ክፍት ሣጥን ይሆናል፤ አዲሱ የፊት ግድግዳ ያለ ማሰሪያ ከቆመ በማዕዘኖቹ ላይ መሰንጠቅ ይጀምራል።

ፎቅ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኮለኖች (የአርማታ ምሰሶዎቹ) በተለመደው አሠራር ከ3.5 እስከ 5 ሜትር ይራራቃሉ፤ የመንገዱ መስመር በሁለት ኮለኖች መሐል ካለፈ የሚቆረጠው ቢም (በኮለኖቹ ላይ የተጋደመው አርማታ) መሐል ላይ ነው። በተከታታይ ኮለኖች ላይ እንዲያርፍ የታሰበ ቢም መሐሉ ላይ ሲቆረጥ የቀረው ክፍል ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ለዚያ የሚበቃ የላይ ፌሮ ደግሞ አልተደረገበትም። ስለዚህ ቁረጡ ከተባለው መስመር ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ ካለው ኮለን ዘንድ መቁረጥ ግድ ይሆናል። 2 ሜትር ተነካ የተባለ ቤት በትክክል ሲቆረጥ 4 ሜትር ያጣል ማለት ነው። ግምቱ በዚህ 4 ሜትር ላይ ካልተሠራ ልዩነቱ ከኪስዎ ይወጣል። በመሐንዲስ የተፈረመ የአንድ ገጽ ማስረጃ «ቤቱ ሊቆረጥ የሚችለው በዚህ ኮለን መስመር ነው፣ ምክንያቱም…» ብሎ ለገማቹ መቅረብ አለበት። ሐዋሳ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የምትገኝ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ ሥጋት ያለባት ከተማ ናት፤ «ትንሽ ድጋፍ አድርጌ እኖርበታለሁ» የሚባልባት አይደለችም።

አርማታው ሲሰበር ፌሮውን ከግድግዳው እኩል አስቆርጠው አይጣሉት። ከአዲስ ኮለን ጋር የሚታሰር ከሆነ ከፌሮው ውፍረት ከ40 እስከ 50 እጥፍ የሚሆን ርዝመት ተርፎ መቆየት አለበት፤ ለ14 ቁጥር ፌሮ ከ56 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። በኤክስካቫተር የሚፈርስ ቤት ላይ ይህን ማስጠበቅ አይቻልም። ቀሪው እንዲቆም የሚፈለግ ከሆነ የመጨረሻው ሜትር በእጅና በመዶሻ ይፍረስ ብለው አስቀድመው ይስማሙ።

በሐዋሳ ከመቁረጡ እኩል ሊታሰብበት የሚገባው ጎርፍ ነው። ከተማዋ የተሠራችው ወደ ሐይቁ በሚያዘቀዝቅ ለጥ ያለ መሬት ላይ ነው፤ ሐይቁም መውጫ ወንዝ የለውም። አዲሱ መንገድ ከድሮው 40 ወይም 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከተሠራ ግቢዎ ጉድጓድ ይሆናል፤ የመንገዱ ቱቦ አፍ ከግቢዎ ወለል በላይ ከሆነ ውኃው ወደ እርስዎ ይመለሳል። የመጨረሻውን ከፍታ የሚያስጠይቀውም ይህ ነው። ግቢውን በአፈር ለመሙላት የሚያስፈልገው ቀላል ሂሳብ ነው፦ 160 ካሬ ግቢ ላይ ቤቱ ያረፈበት 80 ቢሆን፣ የቀረውን 80 ካሬ በ40 ሴንቲ ሜትር ለመሙላት 32 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል፤ አፈሩ ሲደለደል ስለሚቀንስ ወደ 40 ሜትር ኩብ ያስቡ። ቤቱ ራሱ ዝቅ ብሎ ከቀረ ግን ግቢ መሙላት ውኃውን ወደ ሳሎን መግፋት ነው። ያኔ መቆየት ያዋጣል ብሎ መከራከር አይቻልም።

ሴፕቲክ ታንክ ብዙ ጊዜ የሚቀበረው ከፊት፣ የመምጠጫ መኪና በሚደርስበት በኩል ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚነካው እሱ ነው። በሐይቅ ዳር አካባቢ የከርሰ ምድር ውኃ ቅርብ ስለሆነ አዲሱን ጉድጓድ የፈለጉትን ያህል በጥልቀት መቆፈር አይቻልም፤ በስፋት ነው የሚሠራው። ቀሪው ግቢ ለዚያ ስፋት ቦታ አለው? የውኃና የመብራት ቆጣሪ ማዘዋወሪያ፣ አዲስ በር፣ አዲስ አጥርና ሴፕቲክ በግምቱ ላይ ለየብቻ ተጽፈው ካላዩ ያስጽፉ።

ሙሉ በሙሉ ከተነሱ፦ ቦታ ወይስ ቤት?

ቋሚ ተነሺ የሆነ የከተማ ባለይዞታ ለመኖሪያ የሚሆን ምትክ ቦታ ይሰጠዋል፤ ስፋቱን የሚወስነው ከተማው ነው። 300 ካሬ ለቅቀው 300 ካሬ ይመለሳል ብለው አይጠብቁ። ከተማው የሚሸጥልዎ ቤት ካለውና እርስዎም ከፈለጉ ደግሞ በቦታው ፈንታ ምትክ ቤት መውሰድ ይቻላል።

ምትክ ቦታን የሚመርጥ ሰው ሦስት ነገር ሊኖረው ይገባል፦ የሚሠራ ጊዜ፣ ግንባታውን የሚከታተል ሰው፣ ከካሣው በላይ የሚጨመር ገንዘብ። ሦስተኛው ለምን ያስፈልጋል ቢሉ፣ ግምቱ በተሠራበት ቀንና እርስዎ ሲሚንቶና ፌሮ በሚገዙበት ቀን መካከል ወራት ያልፋሉ፤ ገበያው አይጠብቅም። ገማቹ የተጠቀመበት የነጠላ ዋጋ ሠንጠረዥ የየትኛው ዓመት እንደሆነ ይጠይቁ። ሁለት ዓመት ያለፈው ከሆነ በዚያ ላይ ቅሬታ ለማቅረብ ጥሩ መሠረት አለዎት።

ቦታውን ሳያዩ አይፈርሙ። ወደ ከተማው ዳር፣ ለምሳሌ ወደ ሐዊላ ቱላ አቅጣጫ ከሆነ፣ ካዩ በኋላ የሚጠየቀው ብዙ ነው። መንገዱ ተከፍቷል ወይስ በወረቀት ላይ ነው? የመብራት ምሰሶ ከቦታው ስንት ሜትር ይርቃል? የውኃ መስመር አለ? መሬቱ ቀድሞ የገበሬ ማሳ ከነበረ የገበሬው ካሣ ተከፍሎ አልቋል? የመጨረሻው ጥያቄ ትልቅ ነው፤ ካሣው ባልተዘጋ ማሳ ላይ ምትክ ተሰጥቶት መሠረት የቆፈረ ሰው ከገበሬው ጋር ይጋጫል፤ ሁለቱም ተበዳዮች ሆነው ሳለ። በዝናብ ወቅት ደግመው ይሂዱ። በበጋ ደረቅ የሆነ ቦታ በነሐሴ ኩሬ ሊሆን ይችላል። ይዞታው በነባር ነው የሚሰጠኝ ወይስ በሊዝ፣ በሊዝ ከሆነ ዓመታዊ ክፍያው ስንት ነው፣ ግንባታ ለመጀመርና ለመጨረስ የተቀመጠው ጊዜስ የሚለውን ሳይጽፉልዎ አይውጡ።

ምትክ ቤት፣ በአብዛኛው ኮንዶሚኒየም፣ የሚሻለው ለማን ነው? ለአረጋውያን፣ ግንባታ የሚከታተል ልጅ ለሌላቸው፣ ቶሎ መግባት ለሚፈልግ። ቁልፍ ተቀብሎ መግባት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ቤቱ ለስንት ቤተሰብ ነው? በሐዋሳ አንድ ግቢ ውስጥ ወላጆች በዋናው ቤት፣ ያገባ ልጅ በሰርቪስ፣ አንድ ክፍል ደግሞ ለኪራይ ሆኖ የሚኖር ቤተሰብ ብዙ ነው። ይህ ሁሉ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ አይገባም፤ የኪራይ ገቢዋም ትቀራለች። ለኀዘን ድንኳን የሚተከልበት፣ ለበዓል በግ የሚታረድበት ግቢ የጋራ መሆኑን አቅልለው አይዩት፤ ቤት ከተቀየረ በኋላ እናቶች በጣም የሚቸገሩበት ነገር ይህ ነው። አራተኛ ፎቅ ከሆነ ደግሞ ጉልበት የሚያማቸው ሰው ከቤት መውጣት ያቆማሉ፤ ለአረጋውያን ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ ይሰጠኝ ብሎ በሕክምና ማስረጃ ማመልከት ተገቢ ነው።

የቤቱ ዋጋና የካሣዎ መጠን እንዴት እንደሚቻቻሉ በጽሑፍ ይያዙ። የቤቱ ዋጋ ከካሣው ከበለጠ ልዩነቱ በአንድ ጊዜ ይከፈላል ወይስ በባንክ ብድር? ካሣው ከበለጠስ ትርፉ መቼ ይሰጣል? እነዚህ ሁለት መስመሮች በቃል ብቻ ሲቀሩ የሚፈጠረው ክርክር ዓመታት ይወስዳል።

የእኛ ፍርድ፦ ከ45 ዓመት በታች የሆነ፣ ደመወዝ ወይም ንግድ ያለው ቤተሰብ ቦታው መንገድና መብራት ካለው ቦታ ይውሰድ። መብራትና መንገድ ያልደረሰው ቦታ ከሆነ፣ ስፋቱ ቢያጓጓም፣ ቤት ይሻላል። ጡረተኛ ከሆኑና ልጆች ከተማው ውስጥ ከሌሉ ቤት ይውሰዱ።

የሁለት ዓመት ኪራይ ወይስ ጊዜያዊ ቤት

ምትክ ቦታ የወሰደ ሰው እስኪሠራ የሚጠለልበት ያስፈልገዋል። አዋጁ ሁለት መንገድ ይሰጣል፦ የፈረሰው ቤት ለሁለት ዓመት ቢከራይ የሚያወጣውን ያህል የመፈናቀያ ካሣ፣ ወይም ለሁለት ዓመት ያለ ክፍያ የሚኖሩበት ተመጣጣኝ ቤት። ቤትዎ በወር 6,000 ብር ይከራያል ተብሎ ቢገመት 24 ሲባዛ 144,000 ብር ነው። ገንዘቡ ይሻላል፤ የት እንደሚከራዩ ራስዎ ይመርጣሉና፣ ከልጆች ትምህርት ቤትም አይርቁም። ጊዜያዊ ቤቱን የሚያስመርጠው የኪራይ ግምቱ ከሰፈሩ ኪራይ በጣም ካነሰ ነው። ለዚህ ከጎረቤት የተከራዩ ሰዎች የኪራይ ውል ሁለትና ሦስት ቅጂ ይዞ መቅረብ ግምቱን ያስተካክላል።

ራስ ማልማት፣ ከጎረቤት ጋር መጣመር

ብዙዎች የማያነሱት አራተኛ መንገድ አለ። የአዋጁ አንቀጽ 7 በመልሶ ማልማት ክልል ውስጥ ያለ ባለይዞታ በፕላኑ መሠረት በግል ወይም በጋራ መሬቱን ለማልማት ቅድሚያ መብት ይሰጠዋል። በዋና መንገድ ላይ ፕላኑ ለምሳሌ ጂ ፕላስ 4 የሚጠይቅ ከሆነ 130 ካሬ ብቻውን አይበቃም። የሁለት ጎረቤታሞች ቀሪ 130 እና 145 ካሬ ሲደመር 275 ይሆናል፤ ለአንድ ደህና ሕንፃ ይበቃል። የአስፋልት ፊት በዚህ መንገድ ሳይጠፋ ይቀራል።

ችግሩ ገንዘብና መተማመን ነው። ይዞታ ከማቀላቀልዎ በፊት በማን ስም ካርታ እንደሚወጣ፣ ማን ስንት ፎቅ እንደሚወስድ፣ አንዱ ገንዘብ ቢያልቅበት ምን እንደሚሆን በውል ይቀመጥ። ባንክ አቅምዎን ሳያይ ከተማው ጊዜ አይሰጥዎትም፤ የአቅም ማሳያውን አስቀድመው ያዘጋጁ። የሚገነቡበት ገንዘብ በእጅ ሳይኖር ቅድሚያ መብት ይዞ መቀመጥ ግን ምትኩንም ጊዜውንም ያሳጣል።

ሱቅና ተከራይ

ከቦታው ሳይነሳም ገቢው የሚቋረጥበት ሰው የኢኮኖሚ ጉዳት ካሣ መጠየቅ ይችላል። መሠረቱ ማስረጃ ነው፦ ንግድ ፈቃድ፣ ለግብር የቀረበ ገቢ፣ የኪራይ ውል። ለግብር ዓመታዊ ገቢውን አሳንሶ ያስመዘገበ ሰው ካሣውም በዚያው ልክ ይታያል፤ ዛሬ «ብዙ ነበር የምሸጠው» ማለት አያዋጣም። የቤቱ ባለቤትና የሱቁ ተከራይ በአንድ ዝርዝር ላይ እንዳይምታቱ፣ ተከራዩ ለንግዱ፣ ባለቤቱ ለኪራዩ ለየብቻ ይመዝገቡ።

ግምቱን መቀበል ወይስ ቅሬታ

ገማቹ ሲመጣ ሁሉም ቤተሰብ ባይሆንም አንድ ሰው አብሮት ይዙር። ያልተመዘገበ ነገር አይከፈልም፤ የሚረሱትም የተደጋገሙ ናቸው፦ የአጥር ርዝመት ከኋላ በኩል፣ የውኃ ታንከር ማቆሚያ፣ የግቢ ንጣፍ፣ የኤሌክትሪክ ገመድ በመሬት ውስጥ፣ እንሰት፣ ጌሾና ቡና። ከመጣበት ቀን አንድ ቀን በፊት ግቢውን በቪዲዮ ይቅረጹ። ከማሳወቂያው በኋላ የተጨመረ ግንባታ ካሣ አያስገኝም፤ ፈቃድ የሌለው ሰርቪስም ክርክር ያመጣል፤ ስለዚህ ያለውን የግንባታ ፈቃድ ሁሉ ይሰብስቡ።

ወረቀት ላይ የሚያጣብቀው ስም ነው። ካርታው በሟች አባት ስም ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ሳይወጣ ክፍያ አይለቀቅም፤ ወንድማማቾች የተጣሉ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ በዝግ ሒሳብ ይቀመጥና መንገዱ ይሠራል። ቤቱ ለባንክ በመያዣ ከተሰጠ ባንኩን አስቀድመው ያናግሩ። ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርሙ፤ ውጭ አገር ያለ ካለ ውክልናው በኤምባሲ ወጥቶ በአገር ውስጥ እስኪረጋገጥ ሳምንታት ይፈጃል።

ጊዜው እንዲህ ይቆጠራል። በመደበኛው ተነሺዎች መሬቱን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት ሊወያዩ ይገባል፤ አዋጁ አስቸኳይ ሲሆን ያነሰ ጊዜም ይፈቅዳል። የማስለቀቂያ ትእዛዙ ከደረሰዎ በኋላ ቅሬታ ለቅሬታ ሰሚው አካል የሚቀርበው በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ በውሳኔው ካልረኩ በሌላ 30 ቀን ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ፣ ከዚያ ደግሞ ፍርድ ቤት አለ። ካሣ ተከፍሎ ወይም ምትክ ተሰጥቶ ይዞታውን ማስረከቢያው 120 ቀን፣ በመሬቱ ላይ ንብረት ከሌለ 30 ቀን ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ ሳይርቅ በቅርቡ እንደሚባለው፣ ቅሬታ ካለዎት ከመጀመሪያው 30 ቀን ቢያንስ 15ቱን ሳያባክኑ ያስገቡ፤ ማስረጃ ጎደለ ተብሎ ቢመለስ ለመሙያ ቀን ይተርፍዎታል።

ቅሬታ የሚያዋጣው ስህተቱ በቁጥር ሲገለጽ ነው። «ካሣው አነሰኝ» የሚል ማመልከቻ ውኃ አያነሳም። «አጥሩ 46 ሜትር ሆኖ ሳለ 31 ሜትር ተመዝግቧል፤ የሁለተኛው ክፍል ወለል ሴራሚክ ሆኖ ሳለ ሲሚንቶ ተብሏል፤ የቤቱ መቆረጫ መስመር ከኮለኑ ጋር አይገጥምም» የሚለው ግን ገማቹን መልሶ ያመጣል። በልኬት ቃለ ጉባኤ ላይ ሲፈርሙ ያልተስማሙበት ነገር ካለ ከፊርማዎ በላይ «በአጥሩና በሰርቪሱ ልኬት ላይ ያለኝ ቅሬታ የተጠበቀ ነው» ብለው በእጅዎ ይጻፉና ፎቶ ያንሱት። ገንዘቡን አልቀበልም ብሎ መቀመጥ ግን መንገዱን አያስቆምም፤ ገንዘቡ በዝግ ሒሳብ ይገባና የማስረከቢያው ቀን ይቆጥራል።

በቀሪው ላይ ለመቆየት የወሰኑ አንድ ነገር እንዳይረሱ፦ መንገዱ አልቆ አጥሩ ከታነጸ በኋላ የድሮው ካርታ 200 ካሬ እያለ ይቀጥላል፤ መሬት ላይ ያለው 160 ነው። የተስተካከለ ልኬት ያለው አዲስ ካርታ ካልወጣ ቤቱን ለመሸጥም፣ በባንክ ለማስያዝም፣ ለልጅ ለማውረስም ጣጣው ይጀምራል፤ የመሬት ግብሩም በማይገኝ 40 ካሬ ላይ ይታሰባል። የርክክብ ወረቀቱን፣ የካሣ ክፍያ ደረሰኙንና ቀሪውን ስፋት የሚያሳየውን ስኬች ይዘው ለይዞታ ክፍሉ የካርታ ማስተካከያ ማመልከቻ ያስገቡ፤ የቅያስ ባለሙያው መጥቶ የወሰን ድንጋዮቹን በአዲሱ መስመር ሲተክልም በቦታው ይገኙ።